ለቡድናችን ብለን ያለ ጨው የበላንበት ክረምት

ይህ ነገር የደረሰው ከወሎ ተነስተን አሶሳ አጠገብ በሰፈርን በሁለተኛው ክረምት ነው። ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር አልፏል፤ መንግሥትም ተለውጧል። እኔ ሰው ፊት መናገር የማልወድ፣ ሰላምታ እንኳ አንገቴን ደፍቼ የምሰጥ ሰው ነኝ። በሕይወቴ ውስጥ ቀና ብዬ የማወራው አንድ ነገር ቢኖር ግን ይህ ነው። በአፌ ለመናገር ስለሚከብደኝ ልጻፈው ብዬ ተነሳሁ።

መንደራችን ስም አልነበራትም፤ ቁጥር ነበር የተሰጣት። ጎጆዎቹ በመስመር የተሠሩ ናቸው። ሥራው በጋራ ነው፤ እህሉም ከጋራ መጋዘን ይሰፈርልናል። ከመንደሩ ለመውጣት የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል። ክረምት ሲገባ ደግሞ መንገዱ ጭቃ ብቻ ስለሚሆን፣ ራሽንና ጋዜጣ የሚያመጣልን የጭነት መኪና ለሳምንታት ይቀራል። ያኔ ከዓለም ጋር የሚያገናኘን አንድ የማኅበሩ ራዲዮ ብቻ ነበር።

ራዲዮውን የሚይዘው ካድሬያችን ጓድ መስፍን ነበር። ከተማ ያደገ፣ ቀጭን፣ ጢሙን በየቀኑ የሚላጭ ወጣት ነው። ብዙ ሰው ይፈራዋል፤ ግን ክፉ አልነበረም። ወባ ጥሎኝ በነበረ ጊዜ ኪኒን ፍለጋ በእግሩ አሶሳ ድረስ የሄደልኝ እሱ ነው።

በየሳምንቱ ሐሙስ በማኅበሩ አዳራሽ ውይይት ነበረን። እኔ አገር ቤት ሳለሁ ስድስተኛ ክፍል ጨርሼ ስለነበር ጋዜጣ አንባቢ ተደረግሁ። እምቢ ማለት አልችልም ነበርና እሺ አልኩ። ጋዜጣውን ፊቴ ላይ ዘርግቼ ከኋላው ተደብቄ ነው የማነበው። ጎረቤታችን እትዬ ዘነቡ ሁልጊዜ ትቀልድብኝ ነበር።

«ኧረ ዘሐራ፣ ጋዜጣው እግር አወጣ እንዴ? ሰው እኮ አይታየኝም!»

አንብቤ ስጨርስ ጓድ መስፍን «አንባቢዋ አስተያየት ትስጥ» ይላል። ደንቡ ነው። እኔም «ጽሑፉ ትክክል ነው» እልና እቀመጣለሁ። ምርቱ ሞልቶ ፈሰሰ ቢልም ትክክል ነው፤ ሰፋሪው በደስታ እየዘፈነ ነው ቢልም ትክክል ነው። ሌላ አስተያየት ሰጥቼ አላውቅም።

መንደሩ ጋዜጣውን የሚሰማው ግዴታ ስለሆነ ነበር። በፍቅር የሚሰማው ኳስ ነው። እሁድ ከሰዓት ራዲዮው በአዳራሹ መስኮት ላይ ይደረጋል፤ ወንዱ ውስጥ፣ ሴቱና ልጁ ውጭ ሆኖ ያዳምጣል። ከእኛ ውስጥ ስታዲየም ያየ አንድም ሰው አልነበረም። ቢሆንም የክፍለ ሀገራችን ቡድን ሲጫወት ሁሉም አሠልጣኝ ነው።

አያ ይመር የሚባሉ ሽማግሌ ነበሩ። ለአባቴ ታላቅ ወንድም ያህል ናቸው። አንድ እሁድ ጓድ መስፍንን እንዲህ ብለው ጠየቁት።

«እነዚህ የአዲስ አበባዎቹ ልጆች ሥራቸው ምንድነው?»

«የፋብሪካ ሠራተኞች ናቸው፤ ደሞዝ የሚከፍላቸው ፋብሪካው ነው።»

«ፋብሪካው ውስጥ ምን ይሠራሉ?»

«ኳስ ይጫወታሉ።»

አያ ይመር ትንሽ አሰቡ። «እንግዲያው እኛንም የመጋዘኑ ሠራተኛ ብላችሁ መዝግቡንና ካርታ እንጫወት» አሉ። ጓድ መስፍን ራሱ ሳይወድ ሳቀ።

በዚያ ክረምት ቡድናችን ከእነዚሁ ከአዲስ አበባዎቹ ጋር ለዋንጫ ደረሰ። ዋንጫ ሲባል ለሌላ ሰው ምን እንደሚመስለው አላውቅም። እኛ ግን አገራችንን በራብ ጥለን የመጣን ሰዎች ነን። በራዲዮ የአገራችን ስም ሲነሳ ከድርቅና ከእርዳታ ጋር ብቻ ነበር የምንሰማው። አሁን ግን ጨዋታውን በራዲዮ የሚያስተላልፈው ተንታኝ የአገራችንን ስም ጠርቶ «ጠንካራ ተከላካዮች ያሉት» አለ። አባቴ ይህን ሲሰማ ዞር ብሎ አየኝ፤ እሱን ራሱን ያመሰገኑት ነው የሚመስለው።

ችግሩ የባትሪ ድንጋዩ ማለቁ ነበር። መኪናው ስላልመጣ አዲስ የለም። ስለዚህ የጨዋታው ዕለት፣ እሁድ፣ ከጠዋት ጀምሮ ድንጋዮቹን በቆርቆሮ አድርገን ፀሐይ ላይ አሰጣናቸው። ደመና ሲመጣ ምድጃ ዳር ወሰድናቸው። አያ ይመር አንዱን በጥርሳቸው ነክሰው ጎድጎድ አደረጉት፤ እንዲያ ሲደረግ ኃይል ይሰጣል ይባል ነበር።

ራዲዮው ጥሩ አድርጎ ሠራ። ከእረፍት በፊት ቡድናችን አንድ ግብ አገባ። ከእረፍት በኋላ ድምፁ እየቀጠነ ሄደ። ሁላችንም ጆሯችንን ወደ መስኮቱ አስጠጋን። በመጨረሻ የሰማነው ነገር ቢኖር ታላቅ ጩኸት ነው። ስታዲየሙ በሙሉ ይጮሃል፤ ተንታኙም ይጮሃል፤ የሚለው ግን አይሰማም። ከዚያ ራዲዮው ዝም አለ።

ማን መጀመሪያ «አሸነፍን» እንዳለ አላውቅም። ሁሉም አለ። እየመራን ነው፤ ሰዓቱ እያለቀ ነው፤ ሕዝቡ በደስታ ጮኸ፤ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? እትዬ ዘነቡ እልልታውን አቀለጠችው። ወንዶቹ ጭቃው ላይ ጨፈሩ። አባቴ ወሎን ከለቀቅን ወዲህ ጥርሱ ሲታይ ያየሁት ያን ቀን ነው። የሰው ልብስ ተውሶ የለበሰ ይመስል ሳቁ ሰፍቶት ነበር።

በማግሥቱ ጓድ መስፍን ሰልፍ ላይ ንግግር አደረገ። የማሽላውና የበቆሎው አረም ጊዜ ነበር። «ቡድናችን ባሸነፈበት ወኔ አረሙን እናሸንፋለን» አለ። ሰውም እውነት በደስታ አረመ። የሥራ ቡድኖቹ በተጫዋቾች ስም መጠራራት ጀመሩ። አባቴ በረኛ ተባለ።

አልአሚን የመጣው በዚያው ሳምንት ነው።

አልአሚን የአካባቢው ተወላጅ፣ የበርታ ብሔረሰብ ሰው ነው። በጫካው መንገድ አህያውን እየነዳ ጨው፣ ሳሙና፣ ክብሪትና ላምባ ያመጣልን ነበር። መኪና በሚቀርበት ክረምት ከእሱ ሌላ ነጋዴ አይደርስልንም። አማርኛው ትንሽ ይሰባበራል፤ ሂሳቡና ቃሉ ግን ቀጥ ያለ ነው። አህያውን ሲያስር አያ ይመር በኩራት ጠሩት።

«አልአሚን! ዋንጫ መብላታችንን ሰማህ?»

አልአሚን ደነገጠ። «አያ፣ ዋንጫ ናንተ የለም። ቡድን ናንተ ተሸነፈ።»

«ማን አለህ?»

«አሶሳ ሻይ ቤት ራዲዮ ሰማሁ። እስከ መጨረሻ ሰማሁ። መጀመሪያ ናንተ አገባ፤ ኋላ እነሱ አገባ፤ እንደገና እነሱ አገባ። ወላሂ።»

መጀመሪያ ሳቁበት። ቀጥሎ ተቆጡት። አንዱ «አማርኛው አልገባህም» አለው። ሌላው «ቀንቶ ነው» አለ። እትዬ ዘነቡ እንኳ «ደስታ በቤታችን ስንት ጊዜ ገባና ነው አንተ የምታባርረው?» አለችው። እሱም ደጋግሞ ማለ። ሲምል የበለጠ ተናደዱ። በመጨረሻ አያ ይመር «ውሸታም ነህ። ጨውህን ይዘህ ሂድ» አሉት።

ጓድ መስፍን ደግሞ ከዚያ የባሰ ነገር ተናገረ። የመንደሩን ሞራል ለመስበር ወሬ የሚነዛ ሰው ዳግመኛ እንዳይገባ አለ። በዚያ ዘመን «ወሬ የሚነዛ» መባል ቀልድ አይደለም፤ ሰው በእንዲህ ያለ ቃል ታስሮ ሊቀር ይችላል። አልአሚን ጭነቱን እንደገና አህያው ላይ ጫነ። እኔ ውኃ ቀድቼ እየተመለስኩ በአጠገቡ አለፍኩ። አንገቱን ደፍቶ ገመዱን ያጠብቅ ነበር። አንድ ነገር ልለው ፈልጌ አልቻልኩም።

ከዚያ በኋላ ጨው አለቀ።

ጨው የሌለው ወጥ በልታችሁ ታውቁ እንደሆነ አላውቅም። ጎመኑም፣ ባቄላውም፣ ቅሉም አንድ ዓይነት ነው። ልጆች አንበላም ብለው አለቀሱ። ሆኖም አልአሚንን እንጥራው የሚል ሰው ጠፋ። እሱን መጥራት ተሸነፍን ብሎ መፈረም ሆነ። እትዬ ዘነቡ አንድ ቀን ጉርሻዋን ዋጥ አድርጋ «ይሁን፣ ለዋንጫው ነው» ስትል ሰማኋት።

አባቴ ማታ ማታ ጨዋታውን ያወራልኝ ነበር። ያልሰማነውን የመጨረሻውን ክፍል ጭምር ነው የሚያወራው። በረኛው ምን እንዳዳነ፣ ዳኛው መቼ ፊሽካ እንደነፋ፣ ዋንጫውን ማን እንዳነሳ። እኔም እንደ እውነት አዳምጠዋለሁ።

መንገዱ ትንሽ ጠፈፍ ሲል መኪናው መጣ። ቀኑ ሐሙስ ነበር። ራሽን አራገፈ፤ በገመድ የታሰረ የጋዜጣ እሽግም ጣለ። ጨው ግን አልነበረውም። ወዲያው በመንደሩ ወሬ ሆነ፦ የዋንጫው ጨዋታ በጋዜጣ መጥቷል፤ ዛሬ ይነበባል። እንደዚያ ቀን ሰው ሳይጠራ አዳራሹ ሞልቶ አያውቅም።

ጓድ መስፍን አስቀድሞ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ጠራኝ። ጋዜጣው ጠረጴዛው ላይ በስፖርት ገጹ በኩል ተዘርግቷል። ዓይኔን ጣል ሳደርግ አየሁት። ሁለት ለአንድ ተሸንፈናል።

«አየሽው?» አለኝ።

«አዎ።»

«አሸነፈ ብለሽ ታነቢዋለሽ።»

ከጋዜጣው ቀና አልኩ። እሱም ድምፁን ዝቅ አደረገ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«ስሚ ዘሐራ። ይህ ሕዝብ ያላጣው ነገር የለም። ቤቱን አጥቷል፣ ከብቱን አጥቷል፣ ሰውም ቀብሯል። አንዲት ደስታ አለችው። ማንን ትጎዳለች? እኔም በዚህ ጉዳይ ሰው ፊት ተናግሬበታለሁ። ካንቺና ከእኔ በቀር ጋዜጣ አንብቦ የሚረዳ የለም። ተይለት።»

እውነቱን ልናገር፤ ነገሩ ልቤ ገባ። አባቴ በረኛ ተብሎ ሲጠራ ቀና የሚለው ነገር ታየኝ። «እሺ» ለማለት አፌን ልከፍት ስል ከውጭ ጫጫታ ተሰማ።

አልአሚን መጥቶ ነበር። መኪናው ጋዜጣ ይዞ መምጣቱን መንገድ ላይ ሰምቶ፣ አህያውን እንኳ ሳያመጣ ባዶ እጁን፣ ጭቃ እስከ ጉልበቱ ይዞት የአዳራሹ በር ላይ ቆሟል። ጓድ መስፍን ወጥቶ «ማን አስገባህ?» አለው።

«መስማት ፈልገሁ ጓድ። ወረቀት ውሸታም ካለኝ እሄዳለሁ።»

«ተከልክለሃል እኮ!»

ያን ጊዜ አያ ይመር ከውስጥ ጮኹ። «ይግባ ተወው! ይግባና በጆሮው ይስማ። ዘሐራ እያነበበችለት ያፍራል።»

ሰውም «ይግባ፣ ይግባ» አለ። አልአሚን ገብቶ ከበሩ ሥር ጭቃማ እግሩን ሰብስቦ ተቀመጠ። አጠገቡ የነበሩት ትንሽ ራቅ አሉ።

ተነሳሁ። እንደ ልማዴ ጋዜጣውን ፊቴ ላይ ዘረጋሁ። ጓድ መስፍን ከጎኔ ቆሟል፤ ትንፋሹ ይሰማኛል። በወረቀቱ ጠርዝ በኩል ሳይ አባቴ ከፊት ተቀምጦ ፈገግ ብሏል። አልአሚን ደግሞ ከኋላ መሬት መሬት ያያል።

የጓድ መስፍንን ጥያቄ ያኔ ነው በልቤ የመለስኩት። ማንን ትጎዳለች ብሎኝ ነበር። የምትጎዳው ሰው በር ላይ ተቀምጧል።

አነበብኩ። ድምፄ እየተንቀጠቀጠ ከርዕሱ ጀምሬ እንደ ተጻፈው አነበብኩ። ቡድናችን ቀድሞ ግብ ማግባቱን ሳነብ ጭብጨባ ሆነ። ቀጥሎ ያለውን ሳነብ ጭብጨባው ቆመ። ሁለተኛውንም ግብ አነበብኩ። «ዋንጫውን ለባለሜዳዎቹ አስረክቦ ተመልሷል» በሚለው ጨረስኩ።

መጀመሪያ የተናገረችው እትዬ ዘነቡ ናት።

«ይሄ ሌላ ጨዋታ ነው። ያኛውን አሸንፈን፣ ይሄን ደግሞ ሌላ ጊዜ ተሸንፈን ይሆናላ።»

ብዙ ሰው ቀና አለ። እውነትም እንደዚያ ቢሆን ሁሉም ደስ ይለው ነበር። ጋዜጣ ሁልጊዜ ዘግይቶ ስለሚደርሰን የትኛው ወሬ የየትኛው ቀን እንደሆነ ይምታታብን ነበርና ነገሩ የማይታመን አልነበረም። ሁሉም ወደ እኔ አዩ። ጋዜጣውን ከፊቴ አወረድኩት።

«አይደለም እትዬ» አልኩ። «ያው የእሁዱ ነው። ራዲዮው ሲጠፋ የሰማነው ጩኸት እነሱ ሲያገቡ ነው።»

ጓድ መስፍን ፊቱ ጠቁሯል። ምን እንደሚያደርግ ጠፍቶት ይሁን ወይም ከልማዱ፣ «አንባቢዋ አስተያየት ትስጥ» አለ። ምናልባት አንድ ቃል ብዬ እንድቀመጥለት ፈልጎ ይሆናል።

«አስተያየቴ» አልኩ፤ ከዚያ ቃሉ ጠፋኝ። ሰው ጠበቀኝ። «አስተያየቴ፣ አልአሚን አልዋሸም። ወሬ አልነዛም። የሰማውን ነው የነገረን።»

ተቀመጥኩ። ጋዜጣውን አጥፌ ጉልበቴ ላይ አኖርኩት።

አያ ይመር ብድግ ብለው፣ ዱላቸውን ተደግፈው፣ በሰዎቹ መሃል አልፈው ወደ በሩ ሄዱ። አልአሚንም ሽማግሌ ሲመጣ ተነሳ።

«ውሸታም ያልኩህ እኔ ነኝ» አሉት። «በሰው ፊት ነው ያልኩህ፤ በሰው ፊት ይቅር በለኝ።»

«አብሽር አያ» አለ አልአሚን። አይዞህ እንደ ማለት ናት፤ ይህች ቃል በወሎም በእነሱም ዘንድ አለች። «እኔ ቡድን ናንተ አልጠላም። እኔ ጨው የሚሸጥ ሰው ነኝ።»

«ጨውስ አለህ?» አለች እትዬ ዘነቡ ከመሃል።

«ጨው አለ። ነገ አህያ ይመጣል።»

«ኧረ ዛሬ በመጣ!»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ጥርሳቸውን ነክሰው የከረሙ ሰዎች ሳቅ ነበር። ከዚያ አንዱ «ዘሐራ፣ እኛ ያገባናትን ደግመሽ አንቢልን» አለ። ደግሜ አነበብኩላቸው። ጋዜጣው ቡድናችን በጥሩ ሁኔታ እንደተጫወተ ጽፎ ነበር፤ እሱንም አነበብኩ። አጨበጨቡ። በሁለተኛው ጭብጨባ ውስጥ ግን ማንም አልተታለለም።

ጓድ መስፍን ለጥቂት ሳምንታት ከአንባቢነት አወጣኝና ራሱ አነበበ። እንታሰራለን ብዬ ብዙ ፈርቼ ነበር፤ ግን ከዚያ ያለፈ ነገር አላደረገም። እሱ ሲያነብ ሰው እጁን እያወጣ «ይህ ተጽፏል ወይስ ጓድ እያሉት ነው?» እያለ ይጠይቀው ጀመር። አያ ይመርማ ወደ እኔ ዞረው «ዘሐራ፣ እስቲ አንቺ አይተሽ ንገሪን» ይሉ ነበር። በመጨረሻ አንድ ሐሙስ ጋዜጣውን ምንም ሳይል እጄ ላይ አኖረው። ለዚህም አመሰግነዋለሁ።

የዋንጫውን ጨዋታ ባነበብኩበት ዕለት ማታ ከአዳራሹ ስንመለስ አባቴ እስከ ቤት ድረስ ከፊቴ ሄደ። ደስታውን የነጠቅሁት እኔ ነኝ ብዬ አሰብኩ። በሩ ላይ ስንደርስ ቆመ።

«በራቡ ጊዜ በመጠለያው ወንድምሽ ሲሞት ሰዎቹ ደብቀውኝ ነበር» አለኝ። «ክሊኒክ ነው፣ እየተሻለው ነው ይሉኝ ነበር። ለእኔ አዝነው ነው፤ አውቃለሁ። እኔ ግን ለሞተ ልጅ ምግብ ሳስቀምጥ ሰነበትኩ።» በሩን እየከፈተ «ዛሬ ተሸነፍኩ እንጂ አልተሞኘሁም። ደግ አድርገሻል ልጄ» አለ።

አባቴ እንዲህ ብሎ ተናግሮኝ አያውቅም ነበር።

አሁን ዕድሜዬ ሃያዎቹን እያጋመሰ ነው። የምኖረው እዚያው አሶሳ አካባቢ ነው። ስለ ፖለቲካ ብዙ አላውቅም፤ ትምህርቴም ከስድስተኛ አላለፈም። ስለ ጋዜጣና ስለ ራዲዮ ግን የራሴ አስተያየት አለኝ። ደግ ወሬ ብቻ የሚነግረኝን አላምነውም። መሸነፌን የነገረኝ ግን ማሸነፌንም ሲነግረኝ አምነዋለሁ። ለቡድናችን ያለኝ ፍቅርም አልቀነሰም፤ እሁድ ሲጫወት ሥራዬን ትቼ አዳምጣለሁ።

ሰው ፊት ስቆም ዛሬም ድምፄ ይንቀጠቀጣል። ድሮ በዚህ አፍር ነበር። አሁን አላፍርም፤ ያን ሐሙስም እየተንቀጠቀጠ ነው ያነበበው።